ፕላኑ የሚያስረው ማንን ነው? ስለ አዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን ለተጻፈ ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማዋን አጠቃላይ አቅጣጫ ስለሚያሳየው ሰነድ፣ የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ራሳቸውን የፕላን ባለሙያ አድርገው ያስተዋወቁ ሲሆን፣ ዓላማቸውም በነባር ሰፈሮች የምንኖር ሰዎች በፕላኑ ላይ የምናነሣውን ተቃውሞ አንድ በአንድ ውድቅ ማድረግ ነው። ባጭሩ የሚሉት ይህን ነው። ተቃዋሚዎቹ የሚጠሉት ፕላን የሚባለውን ነገር ራሱን ነው፤ ሕዝቡ በዝግጅቱ ወቅት ተሰብስቦ ተወያይቶበታል፤ ፕላን ሕግ ስለሆነ ሁሉንም እኩል ያስገድዳል፤ የሚነሡት ሰፈሮች የተጎሳቆሉ ስለሆኑ ተነሺው ካሳና የተሻለ ቤት አግኝቶ ይጠቀማል፤ ከተማዋም አረንጓዴ ቦታና ሰፊ መንገድ ታገኛለች፤ ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም ቅሬታ ያለው ሰው ካለ ከማጉረምረም ይልቅ በጽሑፍ ለሚመለከተው አካል ያቅርብ። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የቀረበ ነውና እኔም በዚያው መንገድ ለመመለስ እሞክራለሁ። የፕላን ባለሙያ አይደለሁም። ከከተማዋ አሮጌ ሰፈሮች በአንዱ፣ ከአባቴ በወረስኩት ቤት የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ።

የመጀመሪያው ነጥብ ብዙ ጊዜ ሊወስድብን አይገባም። ፕላን አያስፈልግም ያለ ሰው በሰፈራችን አላውቅም፤ ቆሻሻ ውሃ በደጁ የሚፈስበት ሰው ፕላን የሚጠላበት ምክንያት የለውም። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የፕላን እጥረት ኖሮባት አያውቅም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነድፈውላታል፣ ከዚያ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማሪየን መጥተዋል፤ በደርግ ዘመን ኢትዮጵያውያንና ጣሊያናውያን ባለሙያዎች በጋራ ሠርተውላታል፤ በ2009 ዓ.ም. በከተማው ምክር ቤት የጸደቀው የአሥር ዓመት መዋቅራዊ ፕላንም አሥረኛው ተብሎ ይጠራል። ከተማዋን የቸገራት በወረቀቱና በመሬቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። በ1978 ዓ.ም. ተሠርቶ ያለቀው ፕላን በሕግ የጸደቀው በ1986 ዓ.ም. መሆኑን ጸሐፊው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከተማዋ ስታድግ ፕላኑ መደርደሪያ ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያለፉትን አንድ ታሪክ ማስታወስ ግድ ይላል። ከዚህ ፕላን በፊት የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የጋራ ማስተር ፕላን የሚባል ሰነድ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የተነሣው ተቃውሞ በ2008 ዓ.ም. ዳግም ተቀጣጥሎ የብዙ ሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጥር ወር መሰረዙ ተነገረ። በቴክኒክ ረገድ ደካማ ሰነድ ነበር የሚል ባለሙያ እስካሁን አልገጠመኝም። የወደቀው መሬቱ በካርታ ላይ የተሣለበት ገበሬ ካርታውን ከሌላ ሰው አፍ በመስማቱ ነው። የ2009ኙ ፕላን በከተማው አስተዳደር ወሰን ተወስኖ የወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነውና፣ ነዋሪን አለመጠየቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረበት እርሱ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ሕዝቡ ተወያይቷል ይላሉ። እውነት ነው፣ ስብሰባ ነበር፤ እኔም ተገኝቻለሁ። ለሦስት ሰዓት ተጠርተን አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። ግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር የታየን የመላዋ ከተማ ካርታ ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ። ሰፈራችን በዚያ ካርታ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር አታክልም። የአዳራሹ አንድ መስኮት መጋረጃ ስላልነበረው ፀሐዩ ቢጫውንና ብርቱካናማውን አንድ አድርጎታል። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ባለሙያ በትሕትና መለሰላቸው፤ መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን አጠቃላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ነው፣ የእያንዳንዱን ቤት ጉዳይ አይወስንም፣ ዝርዝሩ በአካባቢ ልማት ፕላን ይመጣል፣ ያኔ ትወያያላችሁ አላቸው። እናትየውም መርቀውት ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪዎች በፕላኑ ላይ ተወያይተው ተስማምተዋል» ተብሎ መጻፉን የሰማሁት በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአካባቢ ልማት ፕላኑ መጣ። መምጣቱን ያወቅነው ሜትር የያዙ ልጆች በየአጥራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ሲጽፉ ነው። ተሰባስበን ቅሬታ ይዘን ስንሄድ የተሰጠን መልስ፣ ይህ አዲስ ውሳኔ እንዳልሆነ፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ ቀድሞ የተወሰነና በስብሰባም የጸደቀ ጉዳይ እንደሆነ፣ አሁን የቀረው ማስፈጸም ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ጥያቄያችን ጊዜው ገና ነው ተባለ፤ በሁለተኛው ደግሞ ጊዜው አልፏል ተባለ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ሆነ። በሁለቱ መካከል ጥያቄ የሚጠየቅበት ትክክለኛው ቀን የቱ እንደነበር ጸሐፊው ቢነግሩኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ማንም ሰው በክፋት ያደረገው ነው አላልኩም፤ ያ ወጣት ባለሙያ የተናገረው ከሙያው አንጻር ትክክል ነበር፣ ቅሬታችንን የመለሱልን ሠራተኛም ከደረጃቸው አንጻር ትክክል ነበሩ። ሁለት ትክክል መልሶች ተደምረው ነዋሪውን ከውሳኔው ውጭ የሚያደርጉበት አሠራር መኖሩ ነው ያስቸገረኝ።

ሕጉ እንዲህ አይልም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 92ም ይህንኑ ለአካባቢ ጉዳዮች ይደግመዋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከፕላን መሠረታዊ መርሖዎች መካከል አስቀምጧል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ ዓይነትና ጠቀሜታ እንዲወያዩ ያዝዛል። በእርግጥ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜውን ማሳጠር እንደሚቻልም ይፈቅዳል፤ በከተማችን ግን አስቸኳይ ያልሆነ ልማት አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ነጥብ ፕላን ሕግ ስለሆነ ሁሉንም እኩል ያስገድዳል የሚለው ነው። ይህን ሳነብ ዓይኔ ወደ ማድ ቤቴ ጣሪያ ሄደ። ፕላኑ በጸደቀ በሁለተኛው ክረምት የማድ ቤቱ ቆርቆሮ ዝጎ ተበሳስቶ ዝናቡ ምጣድ ላይ ይወርድ ጀመር። የሚያስፈልገኝ ስምንት ቆርቆሮ፣ ጥቂት ማገርና አንድ አናጢ ነበር። የእድሳት ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ ቦታው በፕላን የተያዘ ስለሆነ እድሳትም ሆነ ግንባታ እንደማይፈቀድ ተነገረኝ። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኩ፤ ፕላኑ እስኪፈጸም። መቼ ይፈጸማል? አይታወቅም። ለአራት ወር ያህል ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ከተመላለስኩ በኋላ ተስፋ ቆርጬ ጣሪያውን በሸራ ሸፍኜ ከላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ሸራው በየሁለት ዓመቱ በፀሐይ ስለሚበላ እስካሁን ሦስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። በሌሊት ቆርቆሮ መቀየር እችል ነበር፤ ጎረቤቶቼ አድርገውታል፣ አንዱንም ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አስነቅለውታል። አስተማሪ ነበርኩና ሕግ ማክበር ለምዶብኝ ነው።

ከቤቴ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ነበር። በዚያው ካርታ ላይ አረንጓዴ ተቀብቶ ያየሁት ስለሆነ ቢያንስ እርሱ ይተርፋል ብዬ ነበር። አንድ ቀን በቆርቆሮ ታጠረ፤ በሳምንቱ ኤክስካቫተር ገባ፤ ዛሬ የምድር ቤቱ ጉድጓድ ተቆፍሮ የብረት ዘንግ ቆሞበታል። እንዴት ሊሆን ቻለ ብዬ ስጠይቅ ፕላኑ ተሻሽሏል ተባልኩ። ፕላን ሊሻሻል መቻሉን አልቃወምም፤ ሕጉም ይፈቅዳል፣ አሥር ዓመት ሙሉ የማይነቃነቅ ፕላን የሞተ ፕላን ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ለእኔ ስምንት ቆርቆሮ ድንጋይ የሆነው ሰነድ ለዚያ ጉድጓድ እንዴት ሰም ሊሆን ቻለ? ጸሐፊው እኩል ያስገድዳል ሲሉ የሰነዱን ቃል አይተው ከሆነ አልከራከርም። እኔ የማየው በአንድ ሰፈር ውስጥ፣ በሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ የተፈጸመውን ነው። የረጅም ዘመን ፕላን የሚባለው ለነዋሪው ረጅም የእገዳ ዘመን ሆኗል፤ ለባለሥልጣኑ ግን ከአንድ በጀት ዓመት የማይዘል ይመስላል።

አራተኛው ነጥብ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሰፈሮቹ ተጎሳቁለዋል የሚለው ነው። አልክድም። ስድስት ቤተሰብ የሚጠቀምበት አንድ መጸዳጃ ቤት አለ፣ የጭቃው ግድግዳ በየክረምቱ ሆዱን ይነፋል። ነገር ግን ያጎሳቆለው ማን ነው? በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የሰፈራችን አብዛኛው ቤት የቀበሌ ቤት ነው። አከራዩ መንግሥት ነው፤ ኪራዩ ትንሽ በመሆኑ አያድስም፣ ተከራዩ ባለቤት ባለመሆኑ ማደስ አይፈቀድለትም፣ ከ2009 ወዲህ ደግሞ ፕላኑ ሦስተኛ ቁልፍ ጨመረበት። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ያላደሱትን ቤት ስላረጀ ይፍረስ ማለት፣ ታማሚውን መድኃኒት ከልክሎ ሲያበቃ መዳከሙን ማስረጃ አድርጎ እንደማቅረብ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ካሳው ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ እንደ እኔ ያለ ባለ ነባር ይዞታ የሚካሰው መሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ ከዚያ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። የእኔ ቤት ንብረት ተብሎ ቢገመት ጭቃና እንጨት፣ ቆርቆሮና ሸራ ነው። ዋጋው ግን ያ አይደለም። ከቤቴ እስከ ሆስፒታሉ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ልጄ በታክሲ አንድ መስመር ሄዳ ሥራዋ ትደርሳለች፤ ከበሬ ፊት ጀበና ቡና የምትሸጠው ጎረቤቴ ደንበኞቿ በዙሪያው ያሉ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። እርሷ ደግሞ ደባል ናት፤ ከቀበሌ ቤት ተከራይ ጋር አንዲት ክፍል ተካፍላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖራለች፣ ስሟ ግን በውል ላይ የለም። የሰፈሩ ግማሽ ተነሥቶ ሲሄድ ባለ ውሉ ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ተጠየቀ፤ ደባሎቹን የጠየቀ አልነበረም። በፕላኑ ላይ ሕዝብ ብዛት ተብሎ ሲቆጠሩ ነበሩ፣ በተነሺ ዝርዝር ላይ ሲፈለጉ ጠፉ።

ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም ቢሆኑ ያለ ዕዳ አልገቡም። ቅድመ ክፍያው አለ፣ የባንክ ወርኃዊ ክፍያው አለ፣ ወለልና ቀለም ማስጨረሻው አለ። ከጎረቤቶቼ ቢያንስ አራቱ ዕጣቸውን አከራይተው ራሳቸው ሌላ ቦታ በርካሽ ኪራይ ይኖራሉ። የተሻለ ቤት አግኝተዋል ሲባል በሰነድ እውነት ነው፣ በኑሮ ግን ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሌላ ሰው ነው።

ስለ እድራችንም ላንሣ፣ ምክንያቱም የጸሐፊው ጽሑፍ ማኅበራዊ ትስስር የሚለውን ሐረግ አንድ ጊዜ ብቻ ጠቅሶ አልፎታል። እድሩ የተቋቋመው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። ሁለት ድንኳን፣ ሰባት ደርዘን ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች፣ ጥሩምባ ነፊ፣ ማኅተም ያለው መዝገብ አለው። የሰፈሩ ግማሽ ሲነሣ አባላቱ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ተበተኑ። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን ገንዘቡን እንካፈል ወይስ እናቆይ የሚለው ላይ ሦስት እሑድ ተከራከርን። በመጨረሻ ገንዘቡ ተከፈለ፤ ድስቶቹ ግን ለሦስት እኩል ስለማይከፈሉ እስካሁን በእኔ ግቢ ተቀምጠዋል። ባለፈው ዓመት ወደ ቱሉ ዲምቱ የሄዱ አንድ አዛውንት ሲያርፉ፣ ጥሩምባው የሚነፋለት ሰፈር ስላልነበረ የሰማነው በስልክ ነው፤ አውቶቡስ ቀይረን ቀይረን ስንደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር።

ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። አዋጅ 1161 ራሱ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንዲከፈል ያዝዛል፤ ሕግ አውጪው ይህ ነገር እውነተኛ ጉዳት መሆኑን ተቀብሏል ማለት ነው። ታዲያ የመሬት አጠቃቀሙ፣ የመንገዱ፣ የሕንፃ ከፍታው፣ የወንዝ ዳርቻው እያንዳንዱ የራሱ ካርታ ሲኖረው እድሩ፣ ጉልቱ፣ ማኅበሩ ለምን ካርታ አጣ? ከተሰበረ በኋላ በብር መተመን የሚቻል ነገር ከመሰበሩ በፊት በፕላን ውስጥ ሊቆጠር ይችላል። አንድ እድር አባላቱ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ አብረው እንዲመደቡ ማድረግ ደግሞ ከመመዝገቢያ ወረቀት ሌላ ወጪ የለውም። ጠይቀን ነበር፤ ዕጣ ነው ተባልን።

ስለ አረንጓዴውና ስለ መንገዱ ጸሐፊው ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ። አዲስ የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ለእንደ እኔ ዓይነቱ ጉልበት ደካማ ሰው ትልቅ ነገር ናቸው፤ ማታ ማታ መብራቱ ሥር እሄዳለሁ፣ ለሠራተኞቹም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ የሚለውን መርህ ያለ ማብራሪያ ማለፍ አይገባም ነበር። ባዶ መሬት ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። በእኛ ሰፈር አንድ ሄክታር ላይ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው አብዛኛውን መሬት ይዘዋል፤ እዚያ ላይ ለግንባታ 4,000 ካሬ ሜትር ብቻ ይቀራል ማለት የቀረው ሰው ወይ ወደ ላይ ይወጣል ወይ ከሰፈሩ ይወጣል። ወደ ላይ መውጣቱን ፕላኑ ይፈልገዋል፣ እኔም አልጠላም። ፎቁን የሚሠራው ማን ነው፣ አራተኛው ፎቅ ላይ የሚገባውስ ማን ነው ለሚለው ግን መልስ አላየሁም። ነባሩ ነዋሪ ተደራጅቶ በቦታው ላይ እንዲገነባ የሚያስችል ብድርና ጊዜ ሳይመቻች ከፍታ ብቻ መወሰን፣ በጨዋ ቋንቋ አቅም የሌለው ይልቀቅ ማለት ነው። መንገዱን በሚመለከት በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረውን 34 ኪሎ ሜትር ቀላል ባቡር ማስታወስ ይበቃል። በካርታ ላይ ከተማዋን ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚያገናኝ መስመር ነው፤ ሐዲዱ በመሬት በሚያልፍበት ቦታ አጠገብ ለሚኖር ሰው ግን ማዶ ያለውን ሱቅ ከዓይኑ ሥር አድርጎ ዞሮ እንዲሄድ የሚያስገድድ አጥር ነው። መገናኘትና መለያየት በአንድ መስመር ላይ እንደሚኖሩ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታየውም፤ ነዋሪ ይጠየቅ የምንለው ለዚህ ነው።

የፕላኑ አሥር ዓመት ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ተከታዩ መዘጋጀቱ አይቀርም። ስለዚህ የምጠይቀው ለመጪው ነው። የሰፈራችን ካርታ የእያንዳንዱ ቤት ቁጥር በሚታይበት መጠን ታትሞ በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከስብሰባው አንድ ወር አስቀድሞ ይለጠፍ። ፕላኑ በተሻሻለ ቁጥር ምን፣ ለማን፣ በምን ምክንያት እንደተለወጠ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በፕላን በተያዘ ቤት ላይ የእድሳት እገዳ የሚቆይበት የመጨረሻ ቀን ይኑረው፤ ቀኑ ካለፈ ሰው ጣሪያውን ይክደን። ደባሎች ይመዝገቡ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የውጭ አማካሪ አይፈልግም።

ወደ መጨረሻው ነጥብ እመጣለሁ። ጸሐፊው ቅሬታ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቅርብ ብለዋል። አቅርቤአለሁ። ሁለት ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ የሃያ ሰባት ጎረቤቶች ፊርማ ያለበት፣ ከላይ የዘረዘርኳቸውን አራት ጥያቄዎች የያዘ። በእኔ እጅ ባለው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ክብ ማኅተም፣ «ደርሷል» የሚል ቃልና የተቀባዩ ፊርማ አለ። ቀኑ ጥቅምት 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ መልስ ልጠይቅ ሄጃለሁ፤ ሠራተኞቹ ሦስት ጊዜ ተቀያይረዋል፣ የመጨረሻዋ ልጅ ፋይሉን ፈልጋ ስታጣ ኦሪጅናሉን እንዳመጣላት ጠየቀችኝ። ኦሪጅናሉ እናንተ ዘንድ ነው አልኳት። ቅጂውን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሰጠኋት፤ እርሱም ላይ «ደርሷል» ብላ ማኅተም መታችበት።